የፉርሽካ ጭኮ

ብዙነህ ቆሞ መስፋት የጀመረው የክረምቱ ዝናብ ጎባ ላይ በጠናበት ሰሞን ነው። የስፌት መኪናውን አራት እግሮች ጡብ ላይ አወጣ፤ በርጩማውን ወደ ግድግዳው ገፋ፤ ከዚያ አንድ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ በሌላው ፔዳሉን መርገጥ ያዘ። እስከ ምሳ ድረስ እንደምንም ይሄዳል። ከምሳ በኋላ ግን የቆመበት ጉልበት ይንቀጠቀጥና ስፌቱ መወላገድ ይጀምራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ልብስ የሰፋ ሰው የሱሪ ጎን ሲጣመምበት ማየት ለራሱም ያሳፍራል። ይፈታዋል፤ እንደገና ይሰፋዋል። ፈትቶ መስፋት ደግሞ ከመስፋት በላይ ያደክማል።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ዘበኛ ተቀጠሩ እንዴ?» አለው በጎኑ የሚሰፋው ዲኖ። «ጠመንጃ ብቻ ነው የቀረዎት።»

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ወገቡን የታመመ ሰው ይቀመጣል እንጂ ይቆማል?»

«አንተ ኪስህን ስፋ።»

ዲኖ እየሳቀ ኪሱን ሰፋ። ብዙነህ አልሳቀም። ወገቡን አላመመውም። የታመመው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው፤ ያንን ደግሞ ሰው ፊት የሚናገሩት ነገር አይደለም።

የሚሠሩበት ቤት «ንጋት የልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር» ይባላል፤ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለ፣ ድሮ የጨው መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም አባል የሚሆን ሁሉ መኪናውን ይዞ እንዲገባ ተባለ። ብዙነህም በጎረምሳነቱ የገዛውን፣ ሚስት ከማግባቱ በፊት የገዛውን፣ ያንን ጥቁር ሲንጀር በተሸካሚ ጀርባ አስጭኖ አስገባ። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው የማኅበሩ ነው፤ ብዙነህ ደግሞ መኪናው ላይ የሚቀመጥ ሰው። የሚቀመጥ እስከሆነ ድረስ።

ያ ዓመት አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ የሚባልበት ዓመት ነበር። ለመስከረሙ ሰልፍ የካኪ ሱሪና ኮት ታዟል፤ ጣቃው ጥግ ላይ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉተማ፣ ራሱም ጨርቅ ቆራጭ ነውና ጠመኔው ከጆሮው ሳይወርድ፣ አንድ ቀን ብዙነህ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የተጣመመውን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጓድ ብዙነህ፣ ይኼ ያንተ እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ከዚህ ሱሪ ጋር ቆመህ የምትጨርሰው መቼ ነው? እየው፣ ክፋት አይደለም። መኪና ባዶውን እንዳይውል ደንብ አለን። ፍስሐ መኪና የለውም፤ ገና ከገባ ጀምሮ ቁልፍ በእጁ እየተከለ ነው የሚውለው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ መቀመጥ ካልቻልክ መኪናውን ለእሱ ልስጠው። አንተ ቁልፉን ትተክላለህ።»

ብዙነህ በሩ አጠገብ ብርሃን ፍለጋ ወደ ተቀመጠው ወደ ፍስሐ አየ። ፍስሐ ቀና አላለም። ጥሩ ልጅ ነው፤ በቅርቡ ልጅ ተወልዶለታል። ሊጠላውም አልቻለም፤ ያም ራሱ አንድ ድካም ነው።

ነገሩ ሆድ ድርቀት ነው። ዓመታት ቆይቷል። ልብስ ሰፊ ሙያው መቀመጥ ነው፤ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ እየጠበቀው፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሆኖ፣ «ቆይ ውጭ ደርሼ ልምጣ» አይልም። ስሜቱ ሲመጣ ያልፈዋል፤ ያለፈ ስሜት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ማኅበሩ የራሱ ሽንት ቤት የለውም፤ ያለው ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ነው፤ ቁልፉን ዘበኛው ይይዛል፤ ዘበኛውም ለምን እንደፈለጉት ሳይጠይቅ አይሰጥም። ስለዚህ ብዙነህ መፍትሔ አበጀ፦ አለመጠጣት። ያልጠጣ ሰው አይነሳም። የሐምሌ የጎባ ውሃ ጥርስ የሚያወልቅ ነውና አለመጠጣቱ አልከበደውም። ጠዋት አንድ ሲኒ ሻይ፣ ማታ አንድ ሲኒ ሻይ፤ አበቃ።

ሆዱ ሲብስበት ኮሶ ይጠጣል። ኮሶው ጠራርጎ ያወጣዋል፤ አንድ ቀን አልጋ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ሆዱ ከበፊቱ ይልቅ ይደርቃል። የጉሎ ዘይትም፣ የእንግሊዝ ጨውም ሞክሯል። ተልባም ቀምሷል፤ እየተንሸራተተ በጉሮሮው ሲወርድ አልወደደውም፤ ተወው። በመጨረሻ ኪንታሮቱ ወጣ፤ መቀመጥ እንደ መርፌ ትራስ ሆነ።

ቤቱ ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው፤ ለግቢው አባወራ ሁሉ አንድ ሽንት ቤት። ጎህ ሲቀድ ሁሉን ቀድሞ ይገባል፤ ያምጣል፤ ምንም የለም። ቆርቆሮው በር ላይ የጎረቤቱ የመሪየም ድምፅ ይመጣል፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ የምትጠብቅ ናት።

«ጋሽ ብዙነህ! የሱብሂ ሶላት አመለጠኝ እኮ! እዚያው አደሩ እንዴ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

«ትላንትም መጣሁ ብለው ፀሐይ ወጣች!»

ላብ በላብ ሆኖ፣ ያው እንደገባ ይወጣል። ሰላምታ እየሰጠ፣ ዓይኗን ሳያይ ያልፋል።

ጉተማ ከተናገረው በኋላ ብዙነህ ወደ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ኢዶሳ የሚባል ድሬሰር አለ፤ ኮቱን ብዙነህ ሰፍቶለት ያውቃልና ቢያንስ ባዕድ አይደለም። መጋረጃው ኋላ አየውና እጁን እየታጠበ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይኼ ገና ለቢላዋ አልደረሰም፤ ሊደርስ ግን መንገድ ላይ ነው። ከተቀደዱ እስከ ጥቅምት በርጩማ አያዩም። መጀመሪያ ሆድዎን እናለስልስ። ፉርሽካ ያውቃሉ? የስንዴ ገለፈት?»

«የከብቱን?»

«የከብቱን። ጠዋት ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ። በእያንዳንዱ አንድ ትልቅ ኩባያ ውሃ ይጠጡበታል። ቀኑንም ውሃ ይጠጣሉ።»

ብዙነህ ፉርሽካውን ያዘ። ውሃውን እንደ አክብሮት ቃል አሳለፈው፤ ሐኪም ሁሉ መጨረሻ ላይ ውሃ ጠጡ ይላል።

ፉርሽካ ለማግኘት ሮቤ ወረደ። እዚያ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚመዝን ለታ የሚባል የጥንት ወዳጅ አለው፤ ዱቄት ፊቱን አንጥቶት፣ ሽፋሽፍቱ እንኳን ነጭ ሆኖ አገኘው።

«አካም ጂርታ፣ ብዙነህ! ምን አመጣህ?»

«ትንሽ ፉርሽካ ፈልጌ ነበር።»

«ላም ገዛህ?»

ብዙነህ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከለታ ኋላ ሁለት ሠራተኞች ጆንያ ተሸክመው ቆመዋል። «ጊደር» አለ። «ጊደር ቢጤ።»

«እሰይ! ምን ዓይነት ናት?»

«ቀይ።»

«ቀይማ ጥሩ ናት! እንግዲያው በፌስታል ምን ታደርጋለህ?» ለታ ጎንበስ ብሎ ሙሉ ጆንያ ጎተተ። ብዙነህ ከሮቤ እስከ ጎባ ጆንያውን በጉልበቱ መሃል ይዞ፣ መቀመጫው ላይ ግማሽ ጎኑን ብቻ አሳርፎ ተመለሰ። ግቢው በር ላይ መሪየም አየችው።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ከብት ሊያረቡ ነው? ወተቱን ከኔ ይጀምሩ እንግዲህ!»

ሚስቱ ቀለሟ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። የዲንሾ ልጅ ናት፤ ገብስና ቅቤ ያለበት ቤት ያደገች። ከጆንያው አንድ እፍኝ ወስዳ በመዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው፣ በዓይኗ ጠየቀችው። ብዙነህ ነገራት። ከእሷ ምን ይደበቃል፤ አንሶላውን የምታጥበው እሷ ናት።

«ይኼን ገለባ በባዶው ልትውጥ?»

«ሁለት ማንኪያ ነው።»

«ያ ዋቅ! ሰው ነህ እኮ።»

ነፋችው፤ አፈሩንና አገዳውን ለየች። በብረት ምጣድ አመሰችው፤ ቤቱ የስንዴ ሽታ ሸተተ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የሰነበተ ነውና ቅቤውን አቀለጠች፤ ጨው፣ ኮረሪማ ጨመረች። በባሌ ደጋ የገብስ ዱቄት በቅቤ እንደሚታሸው፣ ጭኮ እንደሚባለው፣ ፉርሽካውን በቅቤ አሽታ በሳህን ጠቅጥቃ ሠራችለት። ቆርሳ ሰጠችው።

ብዙነህ ቀመሰ። አላመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት የሚባል ነገር ጣፈጠው።

«እንዴት ነው?»

«ጨምሪልኝ።»

ሁለት ማንኪያ የተባለው ሁለት ቁራሽ ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት። ውሃ አላማረውም፤ ጭኮ ውሃ አያስጠማም፤ ቅቤው ጉሮሮን ያለሰልሳል። ሥራ ቤትም በጨርቅ ቋጥሮ ይዞት ሄደ፤ ቆሞ እየሰፋ ቆረሰ። ዲኖም ለመነውና ቀመሰ።

«ምንድነው ይኼ? የጋራ እርሻ ጭኮ?»

«መድኃኒት ነው። ለወገብ።»

«ወላሂ እኔም ወገቤን ሊያመኝ ነው።»

ብዙነህ ሳምንቱን ሁሉ ጠበቀ። ሆዱ ከበደ። መልካም ምልክት ነው አለ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። በማግሥቱ ተነፋ። ሥራውን እየሠራ ነው አለ። ከዚያ እንጀራ መዋጥ አቃተው፣ ከዚያ ማጎንበስ አቃተው፤ እሑድ ጠዋት ከሽንት ቤቱ ግድግዳውን ይዞ ሲወጣ መሪየም ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። ምንም አልቀለደችም። «ቀለሟ!» ብላ ጮኸች። «ነይ፣ ሰውዬሽ ወዝ አጥቷል!»

ሆስፒታል ሲደርሱ ኢዶሳ ተረኛ ነበር። ሆዱን በጣቱ መታ አድርጎ ሰማው፤ እንደ ከበሮ ነው። ከዚያ የሆነውን ብዙነህ ከዚያ በኋላ ለማንም አልተረከውም። የሳሙና ውሃ ነበረ፣ ጎማ ነበረ፣ የኢዶሳ ጓንት ነበረ፤ ረጅም ጊዜ ነበረ። ሲያበቃ በጎኑ ተኝቶ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለት፣ ግድግዳውን እያየ እንባው ያለ ልቅሶ ወረደ። ያመመው ብቻ አይደለም። ደክሞት ነው። የዚህ ሁሉ ዓመት።

ኢዶሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀለሟ ከራስጌው ቆማለች።

«ፉርሽካውን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ።»

«ውሃውንስ?»

ብዙነህ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

«በምን ነበር የሚወስዱት?»

«በቅቤ ነው ያሸሁለት» አለች ቀለሟ። «ጭኮ አድርጌ።»

ኢዶሳ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። «ጭኮ?» አለ። መሳቅ እንደሌለበት ያውቃል፤ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «እቴቴ፣ እናቴ ለመንገድ የምትቋጥርልኝ ጭኮ ነበር። ለምን ይመስልሻል? ውሃ በሌለበት መንገድ ሆድ ይዞ እንዲውል ነው እኮ! አንቺ የሚያስወጣውን ነገር በሚያቆየው ሠራሽው!»

«እና ገለባ በባዶው ይዋጣል?» አለች ቀለሟ ተቆጥታ። «ሐኪም ናችሁ፤ እንደ ከብት ብላ ብላችሁ ትልኩታላችሁ።»

«ከብቱስ በልቶ ወንዝ ይወርዳል።» ኢዶሳ ወደ ብዙነህ ዞረ። «ጋሼ፣ ፉርሽካ ስፖንጅ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሌላውንም እየገፋ ይወርዳል። ውሃ ካጣ ግን ከአንጀትዎ ላይ ይመጠዋል። ከዚያ ሲሚንቶ ነው። ቅቤው ደግሞ ለሲሚንቶው ልስን። ለምን አይጠጡም?»

ብዙነህ ፊቱን ሳያዞር መለሰ። «ከጠጣሁ እነሳለሁ። ከተነሳሁ ቁልፍ ልለምን ነው። ቤት ከሄድኩ ሰልፍ ነው። ሥራው አይጠብቅም፤ መኪናዬ ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ነው። ውሃው ደግሞ በረዶ ነው። ምን ልበልህ? ደከመኝ እኮ፣ ልጄ።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ውሃውን ሞቅ አድርገው ይጠጡት፤ ማን ከለከለዎት?» አለ ኢዶሳ ቀስ ብሎ። «ስሜቱ ሲመጣ ግን ይነሱ። እዚህ ያደረሰዎት ማቆየት ነው። መነሳት የማይፈቀድልዎ ከሆነ ፉርሽካውም ከንቱ ነው፤ በሚቀጥለው እኔ ጋ አይደለም የሚመጡት፣ ቢላዋው ጋ ነው። ይኼን ለአለቃዎ ይንገሩ፤ ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ያደርጋል?»

ያንን ቀን ሁሉ ብዙነህ ያሰበው ይኼንኑ ነበር። ጉተማ ፊት ቆሞ ምን ብሎ እንደሚጀምር። ወገቤ እያለ ቢቀጥል ሐምሌ ያልቃል፤ ፍስሐ መኪናው ላይ ይቀመጣል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ እስከ ሮቤ ድረስ ይሳቅበታል። ሁለቱን መዝኖ ሲያበቃ፣ የመረጠው ድፍረት ስለመጣለት አልነበረም፤ ሌላ ውሸት ለመፍጠር ጉልበት ስላልነበረው ነው።

ሰኞ ጠዋት ጉተማ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ካኪውን ዘርግቶ በጠመኔ ያሰምራል። ብዙነህ አጠገቡ ቆመ።

«ወገቤን አይደለም የሚያመኝ።»

«እሺ?»

«ሆዴ ይደርቃል። ኪንታሮት አለብኝ። ለመቀመጥ ውሃ መጠጣት አለብኝ፤ ከጠጣሁ ደግሞ መነሳት አለብኝ። ስነሳ መኪናው ይቆማል። ጠዋት ቤቴም የሽንት ቤት ሰልፍ ነው። ይኼው ነው።»

ጉተማ ጠመኔውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የመጣው ሳቅ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ሰውዬ! ለአብዮቱ ሰልፍ የሚሆን ልብስ ቆሜ ነው የምሰፋው ብለህ ቆምክ፤ አንዱ ተቃውሞ ነው ብሎ ቢያሳብቅብን ብዬ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሆድህ ነው?»

«ሆዴ ነው።»

«ተመስገን!»

«ምኑ ነው ተመስገን?» አለ ብዙነህ።

ጉተማ አሁን ሳቀ፤ ግን ወዲያው አቆመና ያሰመረውን ጨርቅ እያየ አሰበ። ልብስ ቆራጭ ነው፤ ያለው ጨርቅ ካልበቃ እንዴት እንደሚያበቃቃ ማሰብ ሥራው ነው። «ጠዋት ቤትህ ሰልፉ እስኪያልቅ መቆየት አለብህ ማለት ነው?»

«አዎ። ሁሉም ሥራ ሲሄድ ሽንት ቤቱ ባዶ ይሆናል።»

«እንግዲያው እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ፍስሐ ይሰፋበታል። ከዚያ ያንተ ነው፤ የሐምሌውን ቀጠሮ ተወው። ስትነሳም እሱ ይቀመጥ፤ መኪናው አይቆምም። የሽንት ቤቱንም ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብዬ እዚህ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ሌላው ምን ይላል?»

«ይስቃል። ሁለት ቀን።»

ሦስት ቀን ሳቁ። ዲኖ ከሁሉም ይበልጥ ተናደደ፤ ያንን ጭኮ በልቷልና ሁለት ቀን ውጭ አልወጣም ነበር። «የሰው ሆድ ዘግተው ወገብ ነው ይሉኛል!» እያለ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ጠጣ።

ብዙነህ ፉርሽካውን አሁን በሙቅ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል። አይጣፍጥም። እንደ አሮጌ ካርቶን ነው። ከላዩ ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃ፤ ቀኑንም ሌላ፣ ሌላ። ቀለሟ ፊቱ ቆማ እስኪጨርስ ታየዋለች። ትንሽ ትንሽ ሆዱ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ብቻ፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ድንጋይ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ጠዋት ውሃ መጠጣት ጾም ያፈርሳልና የንስሐ አባቱ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነ።

«ለስንት ሰው ልናገር?» አለ ቀለሟን፣ ጋቢውን እየደረበ።

«ለእኚህ ተናገርና ይብቃህ።»

የንስሐ አባቱም ወለተኢየሱስ የምትባለውን የራሳቸውን እናት ጠቅሰው፣ እሷም በዚሁ ተሰቃይታ እንደነበር አጫወቱት፤ ለመድኃኒት ያህል ጠጣ አሉት። ብዙነህ በመንገዱ ሁሉ ገርሞት ተመለሰ፦ ይኼ ሁሉ ሰው በዚህ ሲሰቃይ፣ ማንም ለማንም ሳይነግር።

በነሐሴ አጋማሽ ጡቦቹን አወጣ። መኪናው መሬት ወረደ። ተቀምጦ ሊሰፋ በመጣበት በመጀመሪያው ጠዋት በሰዓቱ ሲደርስ ፍስሐ ተነሳለት፤ ክሩን አጥብቆት ነበር፣ የወጣት እጅ ነውና። ብዙነህ አላላው፤ በቁራጭ ጨርቅ ሞከረው፤ ከዚያ በርጩማው ላይ በግማሽ ጎኑ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያማል። ግን ያስቀምጣል። ሰፋ፤ የሱሪው ጎን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ።

የሱሪው ሁለተኛ እግር መሃል ላይ ሲደርስ ስሜቱ መጣ። እግሩ በልማዱ ፔዳሉን መርገጡን ሊቀጥል ፈለገ፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ጨርሶት ቢነሳ ምን ነበረበት? ዕድሜውን ሁሉ ይኼንኑ ነው የጠየቀው። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ተወው።

«ፍስሐ፣ ና ጨርስልኝ።»

ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ ጋቢውን ራሱ ላይ አድርጎ ወደ ዝናቡ ወጣ። ከኋላው መኪናው አንድ ጊዜ ተንተባተበና መስፋቱን ቀጠለ።